የኩልፎ እህቶች ሦስተኛ ድምፅ

ወርቂቱ ኦይታ አሥራ አንዱን ዘፈን በሦስት ሳምንት ቀርጻ ጨርሳ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ድምፅዋ ደክሞ አልነበረም። ማዳመጫውን አጥልቃ፣ ማይኩ ፊት ቆማ፣ ከበሮው አራት ጊዜ መትቶ ቦታውን ሲለቅላት አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ነገር ግን አልተገኘም። ዘፈኑ የራሷ ነው። አርባ ዓመት ያህል «የኛ ዘፈን» ስትለው ኖራለች፤ ሌሎቹን አሥራ አንዱን ከየወረዳው የለቃቀመቻቸውም ለእሱ አጃቢ እንዲሆኑ ነው። የሚጀምርበትን ዜማ ግን አታውቀውም።

«አክስቴ፣ ልድገመው?» አለ ሂሻም ከመስታወቱ ወዲያ።

«ድገመው እስቲ።»

ደገመው። ከበሮው አራት ጊዜ መታ፤ የመጀመሪያዋ ዘፋኝ የምትገባበት ቦታ መጣ፤ ባዶውን አለፈ። ወርቂቱ ማዳመጫውን አውልቃ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ስቱዲዮ የሚባለው በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር በሴቻ፣ ከሂሻም የስልክ መሸጫ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የዶርዜ ቡሉኮ ተቸንክሯል፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ የቆመ ሰው ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀበረ ቆጮ ይታፈናል። ሂሻም በሩን ከፈተላትና በርጩማ አቀረበላት።

«ቃሉ ጠፍቶሽ ነው?»

«ቃሉ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ቃሉማ ያኔም በየወሩ ይለወጥ ነበር።» ወርቂቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ይሄን ዘፈን ሰምቼው አላውቅም።»

ሂሻም ሳቀ። «ስንት ሺህ ጊዜ ዘፍነሽው?»

«መዝፈንና መስማት ለየቅል ነው፣ ሂሻሜ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርቂቱ የተወለደችው ዶርዜ፣ ከሸማኔው ከኦይታ ቤት ነው። በዚያ ደጋ ዘፈንን አንድ ሰው ብቻውን አይዘፍነውም፤ ቤትንም አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። አንዷ ትከፍታለች፣ ሁለተኛዋ መሃል እየገባች ትቆርጣለች፣ ሦስተኛዋ ከሥር ሆና አንድ ረጅም ድምፅ ትይዛለች። ሦስተኛዋ ቃል የላትም። የእርሷ ሥራ እንደ መሬት መሆን ነው፤ ሌሎቹ ይራመዱባታል። ሦስተኛ ሆና ላደገችው ወርቂቱ እናቷ ጥጥ እየፈተለች ያስተማረቻት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዋ በቆመችበት በኩል ያለውን ጆሮሽን በመዳፍሽ ድፈኚ። «ከሰማሻት ትወስድሻለች። አንቺ ከሄድሽ ደግሞ ሁሉም ይወድቃል» ትላት ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሳይሞላት እጇ ራሱ ተማረ። ከበሮ በተመታ ቁጥር፣ ሳታዝዘው፣ ወደ ጆሮዋ ይወጣ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ ኪነት ልጃገረዶች ሲመለምል ወርቂቱ ለትምህርት ወርዳ አርባ ምንጭ ነበረች። አሠልጣኙ ገብረ ማርያም የሚባል፣ አኮርዲዮኑን ከደረቱ የማያወርድ ቀጭን ሰው ነው። የወርቂቱን ድምፅ ሰማና «አንቺ ፊት የምትቆሚ አይደለሽም፤ ግን አንቺ ከሌለሽ ፊት የሚቆም አይኖርም» አላት። ሁለት ልጆች ጨመረላት። ፊት የቆመችው ከከተማው አቅራቢያ ከጫኖ መንደር የመጣችው ዓለምጸሐይ ናት፤ ስትስቅ እንኳ በዜማ የምትስቅ። መሃል የገባችው ዙሁራ ናት፤ አባቷ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነበር፤ ልጁ ካኪ ለብሳ መድረክ ላይ ስትወጣ እንዳያይ በሰልፍ ቀን ሱቁን ዘግቶ ይተኛ ነበር ይባላል። ሦስቱን «የኩልፎ እህቶች» አሏቸው፤ በከተማው ሥር በሚያልፈው ወንዝ ስም።

በዚያ ዘመን የሴት ልጆች ቡድን ያልነበረው አውራጃ አልነበረም። «የጨንቻ እንቡጦች» ነበሩ፤ «የአባያ ጽጌረዳዎች» ነበሩ፤ ከጎፋ በኩል አራት ሆነው የሚመጡ፣ እግራቸው መሬት የማይነካ የሚመስሉ ነበሩ። አንድ ወር ስለ መሠረተ ትምህርት ይዘፍናሉ፤ በሚቀጥለው ወር በዚያው ዜማ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበር፤ በሦስተኛው ስለ ዘመቻ። ቃሉ ከላይ በወረቀት ይመጣል። ዜማው ግን የማንም አልነበረም፤ ከደጋ የወረደ፣ ከእናቶቻቸው አፍ የመጣ ነበር። ሰዉም የሚያጨበጭበው ለዚያ ነው። መንግሥት ይህን ሳያውቅ ኖሮ ሳያውቅ ወደቀ።

በ1983 ዓ.ም. ቡድኑ ሲበተን ሦስቱ በሦስት መንገድ ሄዱ። ዙሁራ ካሴት ሻጩን ጀዋርን አግብታ ሂሻምን ወለደች፤ ሁለተኛ መድረክ ላይ አልወጣችም። ዓለምጸሐይ በዚያው ዓመት ጫኖ ውስጥ ጌታን ተቀበለች፤ በተጠመቀች ሳምንት ካኪ ልብሷንና የነበራትን ካሴት ከጸሎት ቤቱ ጓሮ አቃጠለች። ጀዋር የቀረጸው ዋናው ካሴት ደግሞ ገዢ ሲያጣ ሌላ ነገር ተቀዳበት። ነጋዴ ነው፤ ምን ያድርግ።

ወርቂቱ ብቻ መዝፈኗን ቀጠለች። ሠላሳ ዓመት በሴቻ ሆቴሎች በረንዳ ላይ፣ ሐይቁን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች፣ የሌሎችን ዘፈን ዘፈነች። ሸዋንዳኝ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ አንድ ቀን ሙዝ ጭኖ ወደ ሞያሌ ወጣ፤ ሙዙም እሱም እዚያው ቀሩ። ልጅ አልተወለደም። በከተማው ስሟ «ዘፋኟ ወርቂቱ» ነበር፤ የሚጠራት ሰው እንደ ቀኑ ስሜቱ አክብሮም ንቆም ይጠራታል። በኋላ ሆቴሎቹ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ሰው መቅጠር ለመዱ፤ ከበሮውም መሰንቆውም ሴቷም ከዚያው ሳጥን ውስጥ ይወጣሉ።

አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ነው፤ የደጋ ሰው አይደነግጥበትም። ባለፈው ዓመት ግን ወደ ውስጥ ማደግ ጀመረ፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያሳጣታል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የራጁን ፎቶግራፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አሳያት።

«መውጣት አለበት። ከቆየ የአየር ቧንቧውን ይዘጋዋል።»

«ድምፄስ?»

«ነርቩ በዚያው ጎን ነው የሚያልፈው። ላይነካ ይችላል። ቢነካ ግን እንደ ድሮው አይሆንም።» ከዚያ ለወጉ ያህል ጠየቀ፤ «ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ዘፋኝ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቀጠሮውን የቻለውን ያህል አራዝሞ ስድስት ሳምንት ሰጣት።

ሰው ለሞት ቀጠሮ ሲሰጠው ስለ ነፍሱ ያስባል፤ ለድምፁ ቀጠሮ ሲሰጠው ምን እንደሚያስብ የጻፈ ሊቅ ግን የለም። ወርቂቱ ያሰበችው ስለ እነዚያ ልጃገረዶች ነው። የእንቡጦቹ ሁለቱ ሞተዋል። ከጎፋዎቹ አንዲት ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ጆሮዋ አይሰማም። አንድም ሰው ድምፃቸውን አላስቀመጠም። እኔም ዝም ካልኩ፣ አለች፣ ያልነበሩ ያህል ነው። የዶርዜ ቤትን ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ በየዓመቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አንድ ቀን ብሎ አይወድቅም፤ የኖሩበት ሰዎች መጎንበስ ስለሚለምዱ ማጠሩን አያውቁትም። እሷ የነቃችው በሩ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ነው።

ስለ ቀረጻው ዋጋ ስትጠይቀው ሂሻም ቁጥር አልጠራላትም። ዙሁራ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። «እናቴ ያለችበት ነገር ከሆነ በሩ ክፍት ነው» ብሎ ዘጋው። አልበሙንም «እነዚያ ልጃገረዶች» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ሁለተኛውንም ድምፅ ያስገባው እሱ ነው። እናቱ ሽንኩርት ስትከትፍ በየመሃሉ «ሄይ… ሄዮ» ትል ነበርና፣ አድጎ ከወርቂቱ ጋር እስኪቀመጥ ድረስ ዘፈን መሆኑን ሳያውቅ ሙሉውን በቃሉ ይዞት ኖሯል። ሁለተኛው ተገኘ፤ ሦስተኛውንም ወርቂቱ አስቀድማ ቀርጻዋለች። የመጀመሪያውን ወርቂቱ እኔ እዘፍነዋለሁ ብላ ነበር። ዕድሜ ልኳን በመዳፏ ስትከልለው የኖረችው ያንኑ መሆኑን ያወቀችው ግን ማይኩ ፊት ስትቆም ነው።

«እና ዓለምጸሐይ አለች አይደል?» አለ ሂሻም።

«አለች። ለኔ ነው እንጂ የሌለችው።»

«ሂጂና ጠይቂያት። አትበላሽም።»

«አትበላኝም። ትጸልይልኛለች፤ እሱ ነው የከፋው።»

ለቀዶ ጥገናው ስምንት ቀን ሲቀር ከሲቀላ በባጃጅ ወደ ጫኖ ወረደች። ሙዝና ማንጎው መንገዱን በሁለት በኩል አጥሮታል፤ በቦዩ ውስጥ ውኃ ይሄዳል። ዓለምጸሐይ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸክፋ በአካፋ ውኃ ወደ ሙዙ ትመልሳለች። ቀና ብላ ብዙ አየቻት።

«ወርቂቱ? አልሞትሽም እንዴ?»

«ቀጠሮ ይዣለሁ።»

ዓለምጸሐይ ሳቀች፤ አሁንም በዜማ ነው የምትስቀው። ከማንጎው ሥር ጀንዲ ዘርግታ አስቀመጠቻት፤ ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለ ቁርቁፋ በሽፈራው ቅጠል ጎመን አቀረበች። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ሙዝ በሽታ፣ ስለ ዙሁራ ቀብር አወሩ። ወርቂቱ ስለ አንገቷ ነገረቻት። ከዚያ ሳትጠማዘዝ ጠየቀቻት።

«የመጀመሪያውን ድምፅ ስጪኝ። አንቺ ቀረጻው ውስጥ አትገቢም። እዚሁ አንጎራጉሪልኝና እኔ ልያዘው።»

«አልችልም።»

«ማንም አይሰማም እኮ። ሙዝ ነው ያለው።»

«የሚሰማኝ እንዳለ ታውቂያለሽ። ለዘፈን አፌን አልከፍትም ብዬ ማልሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሙዝ ሥር ሆኜ አላፈርሰውም።» አካፋውን በጣቷ ጠረገችው። «ደግሞ ጸለይኩ ወርቂቱ። ያንን ዘፈን ከውስጤ አውጣልኝ ብዬ ሦስት ዓመት ጾምኩ።»

«ወጣልሽ?»

ዓለምጸሐይ ወደ ቦዩ አየች። «ግማሹ። ቃሉ ጠፋ። ዜማው እምቢ አለ። እንቅልፌን ሲነሳኝ ለጌታ ሰጠሁት። መዝሙር አደረግሁት።»

ወርቂቱ የያዘችውን ቁርቁፋ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። «አለ? እስካሁን?»

«ስንት ዓመቱ። ጉባኤው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያውን እኔ ብቻዬን አወጣዋለሁ፤ ከዚያ ሕዝቡ ይቀበላል። በአንድ ድምፅ ነው፤ ሁለተኛ ሦስተኛ የለውም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከየት እንደመጣ አላወቁም። በጾም ላይ ሳለሁ የተቀበልኩት ነው ብዬ መስክሬያለሁ። ውሸት አይደለም፤ በጾም ላይ ነበርኩ።»

ሁለቱም ሳቁ። እንደ ድሮው ከመድረክ ጀርባ እንደሚሳቅ፣ አፍ ተይዞ።

«እሑድ ነይ» አለች ዓለምጸሐይ በመጨረሻ። «ከኋላ ተቀመጪ። ስሚው። በጆሮሽ የወሰድሽው ያንቺ ነው፤ እኔ አላየሁም። ስልክ፣ መቅረጫ እንዳታወጪ። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አፍሽን እንዳትከፍቺ። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ያኔ የወጣት ማኅበር አባላት የነበሩ ናቸው። ኢሳያስን ታስታውሺዋለሽ? ሊቀ መንበሩን? እሱ ዛሬ ሽማግሌ ነው። መሬቱን ከሥር ካስገባሽለት ቤቱን ያውቀዋል።»

«ምን ልበል ብዬ ነው አፌን የምከፍተው? ልሰማ አይደል የምመጣው።»

«ልትሰሚ ነው» አለች ዓለምጸሐይ።

እሑድ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ቀን በፊት ነበር። ወርቂቱ በቤቷ ያለውን ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ስልኳን ሂሻም ዘንድ አስቀምጣ፣ በቆርቆሮ የተሠራው ጸሎት ቤት የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጸሎቱ በጋሞኛ ነበር፤ ስብከቱ በአማርኛ። ሁለቱንም አልሰማችም። ዕድሜዋን ሁሉ በአንድ ወገን ጆሮዋ ስትኖር የቆየች ሴት፣ ሁለቱን ጆሮዎቿን ከፍታ፣ ሠርግ እንደምትጠብቅ ሙሽራ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሙሉውን። ማክሰኞ ሐኪሙ የሚወስደውን ይውሰድ፤ ነገ ሰኞ ቀረጻው ያልቃል። በሦስት ድምፅ፣ ሙሉ ሆኖ፣ አሥራ ሁለተኛው።

ከበሮው ተመታ። አራት ጊዜ።

ዓለምጸሐይ ከመዘምራኑ መሃል ወጥታ ቆመች። ወርቂቱ አፏ ሲከፈት አየች፤ የመጀመሪያው ድምፅ ከአንገቷ ሲነሣ የደም ሥሯ ሲወጠር አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም በቅጡ አስረድታ አታውቅም። የምታውቀው ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ድምፁ ከራሷ ደረት፣ ከዚያ ከሚታፈን አንገቷ በታች፣ እንደ ጥንቱ ሰፊና ዝግ ያለ ሆኖ እንደወጣ ነው። ሦስተኛው ቦታው ላይ ገባ። ያን ሁሉ ዓመት ቦታው አልጠፋበትም። ቆርቆሮው ከላይ ነዘረ። ከፊቷ ያሉ ሦስት አራት አሮጊቶች ሳይዞሩ ትከሻቸው ብቻ መወዛወዝ ጀመረ። አንዷ፣ ማን እንደሆነች አልታወቀም፣ «ሄይ… ሄዮ» ብላ መሃል ገባች።

ሲያልቅ ወርቂቱ ዓይኗን ገለጠች። ቀኝ መዳፏ ጆሮዋ ላይ ነበር።

መቼ እንዳነሣችው አታውቅም። ምንም አልሰማችም። ከዚያ ሁሉ ዜማ የሰማችው የራሷን ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንማ ታውቀዋለች። እጇን ከጆሮዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አየችው።

ሽማግሌው ኢሳያስ ከፊት ተነሣ። ሰባውን ያለፈ፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ፈገግ ብሎ ነበር፤ የልጅነት ቤቱን በድንገት መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው። ጣቱን አንሥቶ በዝግታ «ይሄ… ይሄማ የኩልፎ እህቶች ነው» አለ። ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ዓለምጸሐይ መድረኩ ላይ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆማ ቀረች።

ወርቂቱ ሰኞ ሴቻ ወጥታ ማይኩ ፊት ቆመች። ሂሻም የከበሮውን መግቢያ አራት ጊዜ ደጋግሞ አጫወተላት። በአምስተኛው ዘጋው።

«ይዘሽው አልመጣሽም?»

«እጄ» አለች። ቀኝ መዳፏንም ዘርግታ አሳየችው።

ማክሰኞ እንቅርቱ ወጣ። ነርቩ ተነክቷል። ሐኪሙ ነገሩን በዙሪያ በዙሪያ ሊነግራት ሲጀምር እሷ በምልክት አስቆመችው። የቀረላት ድምፅ በደረቅ የሙዝ ቅጠል ላይ ነፋስ ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ካስጠጋ ይሰማዋል።

በአምስተኛው ቀን ዓለምጸሐይ እጅ ሙሉ ሙዝ ይዛ ሆስፒታል መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሙዙን አንድ በአንድ ከዘለላው እየለየች መስኮቱ ላይ ደረደረችው።

«አንድ ነገር ለመንሁሽ» አለች።

«እጄ ነው» አለች ወርቂቱ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ሲነሣ አየሁት። እኔም ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።»

ወርቂቱ በዓይኗ ጠየቀቻት።

«ሦስተኛው ሲገባ… ሠላሳ አራት ዓመት ያንን ዜማ ብቻዬን ተሸክሜው ነበር። ከሥሬ መሬት ሲመጣ እግሬ ዝም ብሎ ሄደ።» ዓለምጸሐይ አንድ ሙዝ አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። «ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ክፉ አልተናገሩኝም። ኢሳያስ አለቀሰ እንጂ። ከዘፈን የመጣ ነው፤ የሐሰት ምስክርነት ተነግሮበታል፤ ዳግም እንዳይዘመር ተባለ። ለስድስት ወር ከአገልግሎት ታገድኩ። በነሱ ፊት ደግሞ ማልሁ፤ ዜማውን በቃልም ያለ ቃልም፣ በቤትም በውጭም አላነሣውም ብዬ።»

ስለዚህ ዜማው የቀረለት አንድ ቤት ተዘጋ። ወርቂቱ ይህን ተረዳች። ካሴቱን እሳት በላው፤ ዋናውን ንግድ በላው፤ መዝሙሩን ደግሞ እሷ በላችው፤ ልታድነው ሄዳ። የሚወዱትን ነገር በገዛ ድምፅ መግደል ምን እንደሚባል አሰበች፤ ስም አላገኘችለትም። ሰው ሲገድል በጠላትነት ነው ይባላል። ከሥር ሆኖ፣ በታማኝነት፣ ቦታውን ሳይለቅ የገደለስ?

ክንዷን ዘርግታ የዓለምጸሐይን ከንፈር በጣቷ ጫፍ ነካች። አሁን መዝፈን አትችልም። እጇ ቢነሣም የሚከልለው ድምፅ የለም። አሁን ገና መስማት ትችላለች። አንድ ጊዜ።

ዓለምጸሐይ ገባት። ከንፈሯ ተከፈተ፤ የአንገቷ ሥር ተወጠረ፤ ለአፍታ የሚወጣ መሰለ። ከዚያ የወርቂቱን ጣት በቀስታ ከአፏ አንሥታ አልጋው ላይ አሳረፈችው።

«ማልሁ እኮ፣ ወርቂቱ» አለች። ባዶውን የሙዝ ዘለላ ዘንግ ይዛ ወጣች።

አልበሙ የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ሲቀላ ገበያ ደረሰ፤ አንዳንድ ባጃጅ ውስጥ የእንቡጦቹ ዘፈን ተሰማ፤ የዘፈኑትን ሴቶች የማያውቁ ልጆች ጨፈሩበት። ሂሻም ስለ አሥራ ሁለተኛው ሲጠይቃት «እንዲሁ ተወው» አለችው። እንዲሁ ተወው። የመጀመሪያው ድምፅ በሌለበት፣ ሁለተኛው በየመሃሉ ብቅ እያለ፣ ከሥር የወርቂቱ ረጅም ድምፅ ብቻ ይሄዳል። ሰዎች ለሂሻም «የመጨረሻው ተበላሽቷል፤ ደግመህ ላክልን» እያሉ ይጽፉለታል። መልስ አይሰጣቸውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወርቂቱ ሱቁ መጣች። አንገቷ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው። ጀርባው ክፍል ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና በዓይኗ ወደ ማሽኑ ጠቆመችው። ሂሻም አሥራ ሁለተኛውን ከፈተላት፤ ማዳመጫ ሳይሆን በትልቁ ድምፅ ማጉያ። ከቡሉኮው መሃል ከበሮው ተመታ። አራት ጊዜ። የመጀመሪያዋ የምትገባበት ባዶ ቦታ መጣ።

የወርቂቱ ቀኝ እጅ ከጭኗ ላይ ተነሥቶ ጆሮዋን ከደነ።